መፍቻው የት ነው?

የጉዞ ማስታወሻ፦ ከአየር ጤና እስከ ጅማ

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል። አየር ጤና መናኸሪያ

ጥቅምት ገና መግባቱ ነው፤ የንጋቱ ብርድ አጥንት ይነካል። «ወሊሶ! ወልቂጤ! የሞላ!» ይላል ረዳቱ፤ መኪናው ግን ገና ግማሹ ባዶ ነው። ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት አንድ ትልቅ ፖስታ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ራጅ ነው። ልጃቸው ከጎናቸው አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋል። ለሕክምና መጥተው ሦስት ቀን ከርመው ነው ወደ አገራቸው የሚመለሱት።

«ምን አሏችሁ አባባ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማሽኑ ተበላሽቷል፤ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ኑ አሉን ልጄ» አሉ።

ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ እንደሚል ገበሬ ነበር ያሉት። እኔን ያሳዘነኝ ይኸው ነው። የሰው እጅ የሠራው፣ የሰው እጅ ሊጠግነው የሚችል ማሽን ከሰማይ እንደመጣ ነገር መቆጠሩ፣ ማንም የማይጠየቅበት መሆኑ።

እኔም ይህን መንገድ የጀመርሁት ከቤቴ ሐዘን ተነሥቼ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ገባች። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ የማወራው ስለ አንድ ቤት ብቻ አይደለምና። ምጡ ረዘመ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ አላለቀሰም። አዋላጇ ትንፋሽ የሚሰጠውን አምቡ ባግ አነሣች፤ ጫፉ ላይ ያለው ማስክ ግን የትልቅ ሰው ነበር፤ የሕፃኑን ፊት ከነአገጩ ይውጠዋል። ወደ ኦክስጅኑ ዞረች። ሲሊንደሩ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ሙሉ ነው። የሚከፍተው መፍቻ ግን የለም። «መፍቻው የት ነው? መፍቻው የት ነው?» እያለች በኮሪደሩ ስትሮጥ ከውጭ ሆኜ ሰማኋት። መፍቻው ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሰው የቀን ተረኛ ነው፤ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል።

ልጁ ስም ሳይወጣለት ሄደ።

ለብዙ ጊዜ የምናደደው በአዋላጇ ነበር። ንዴቴ ሲበርድ ግን ነገሩን ደጋግሜ አሰብሁት። ሕንፃው አዲስ ነበር። አልጋ ነበር። የተማረች ባለሙያ ነበረች፤ እንቅልፏን አጥታ፣ ላቧ እየፈሰሰ ነበር። ኦክስጅን ነበር። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? የዚህን መልስ ፍለጋ ነው ሆስፒታል ከሆስፒታል መዞር የያዝሁት።

ሐሙስ፣ ረፋድ። የወሊሶ መንገድ

ከሰበታ በኋላ ሜዳው ይከፈታል። የኑጉ አበባ ማሳውን ቢጫ አድርጎታል፤ ጤፉም ራሱን መድፋት ጀምሯል። የያዝሁትን ማስታወሻ ደብተር ገልጬ ከቤት የጻፍኋቸውን ቁጥሮች አየሁ።

በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከመቶ ወላዶች በጤና ተቋም የወለዱት 10 ነበሩ። በ2016 26 ሆኑ። በ2019 48 ደረሱ። በስምንት ዓመት እንዲህ ያለ ለውጥ ቀላል አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ «ተቋም ውለጂ» እያሉ ያመጡት ነው። ችግሩ ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ነው። ከተወለዱ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት በ2016 ከሺህ 29 ነበሩ፤ በ2019 33 ሆነው ተመዘገቡ። እናቶቹ መጡ፤ የሕፃናቱ ሞት ግን አልቀነሰም።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሕክምና ሊያድናቸው ሲችል የሚሞቱ ሰዎች በዓመት ከ8 ሚሊዮን እንደሚበልጡ አስልቷል። ከእነዚህ ውስጥ 3.6 ሚሊዮኑ ወደ ሕክምና ያልደረሱ ናቸው። 5 ሚሊዮኑ ግን ደርሰዋል። በሩን አልፈው ገብተዋል፤ ያገኙት አገልግሎት ግን ሊያድናቸው አልቻለም።

የእህቴ ልጅ ከእነዚያ ነው።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ። አጣጥ

ወልቂጤ ወርጄ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ወደ አጣጥ ሆስፒታል ሄድሁ። አጣጥ የመንግሥት አይደለም፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሆስፒታል ነው። ግን የመንግሥት ሆስፒታሎች ከእርሱ የተማሩት ነገር ስላለ ሳላየው ማለፍ አልፈለግሁም። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የእናቶች ማቆያ አለው። ቀደም ሲል በኦፕሬሽን የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ ወይም ቤቷ ከመንገድ የራቀ እናት ምጧ ሳይመጣ አስቀድማ መጥታ ሆስፒታሉ ጊቢ ውስጥ ትሰነብታለች። ምጥ ሲጀምራት ማዋለጃ ክፍሉ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው።

በረንዳው ላይ ሆዳቸው የገፋ አራት ሴቶች ተቀምጠው ያወጋሉ። አንዷ ከቤት ያመጣችውን ቆጮ እየቆረሰች ለሌሎቹ ታካፍላለች። «ስንት ቀን ሆነሽ እህቴ?» አልኋት። «አሥራ አንድ ቀን» አለች፤ «የፊተኛው በቃሬዛ ስመጣ መንገድ ላይ ቀረብኝ። የአሁኑን እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።»

እዚህ ሆስፒታል የ22 ዓመት መዝገብ ተገላብጦ ተጠንቷል፤ ከ24 ሺህ የሚበልጡ ወሊዶች ማለት ነው። ማቆያው ውስጥ ቆይተው ከወለዱት እናቶች የሞቱት ከመቶ ሺህ 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 ነበሩ። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ከተጎዱ በኋላ የደረሱ ስለሆኑ ልዩነቱን በሙሉ ማቆያው አመጣው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ማቆያው የሚሠራውን ማየት አያስቸግርም፤ መንገዱን ከምጡ ላይ ያነሣል። ዛሬ በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ጊቢዎች የእናቶች ማቆያ የሚል ጽሑፍ የተሰቀለባቸውን ቤቶች እናያለን። ገንፎም ይገነፋል፤ ቡናም ይፈላል። ሴት ልጅ እንደ ቤቷ እንዲሰማት የተደረገ ነውና ደስ ይላል።

የጤና ሰዎች ሦስቱ መዘግየቶች የሚሉት ነገር አለ። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ነው፤ እንሂድ ወይስ እንቆይ ማለት። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ሆስፒታል ከተደረሰ በኋላ ነው። ማቆያው ሁለተኛውን ያስቀራል። ቅስቀሳው የመጀመሪያውን ያሳጥራል። ሦስተኛውን ግን ሕዝቡ ሊያሳጥረው አይችልም። እህቴ በሰዓቱ ወሰነች፤ በሰዓቱ ደረሰች። የቀረው ሦስተኛው ነበር።

ዓርብ፣ ጠዋት። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል

ስሙን እንዳልጽፍ የለመኑኝ ሜትሮኗ ናቸው። «ከተመሰገንን እንተኛለን ወንድሜ፤ ተወን» አሉኝ። በነርስነት ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ሲሄዱ ጫማቸው ድምፅ የለውም። ሁሉም ሲስተር ይላቸዋል።

የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ይህኛው ከዚያም በላይ ይመጣበታል። ከበሩ ስገባ ካርድ ክፍል ፊት ያለው ሰልፍ እስከ ዛፉ ደርሷል፤ ነገር ግን ይንቀሳቀሳል። ከዓመታት በፊት ካርድ ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅ እንደነበር፣ ካርድ ሲጠፋ አዲስ እየተባለ የበሽተኛው ታሪክ አብሮ ይጠፋ እንደነበር ሲስተር አጫወቱኝ። ግድግዳው ላይ አምስቱ «ማ» ተጽፈዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ካይዘን ነው። ከጃፓን ፋብሪካዎች የመጣ ልማድ ነው፤ በድሃ አገር ሆስፒታል ውስጥ እንደሚሠራ በግልጽ ካሳዩት አንዱ ስሪላንካ፣ ኮሎምቦ ያለው የካስል ጎዳና የሴቶች ሆስፒታል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ጀምሮት ከዚያ ወደ ታንዛኒያና ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተዛመተ።

ሲስተር አምስተኛዋን «ማ» በጣታቸው ነኩ። «አራቱን በአንድ ሳምንት ዘመቻ ትጨርሳቸዋለህ። ጎብኚ ይመጣል ሲባል ማን የማያጸዳ አለ? ይቺ፣ ማዝለቅ፣ እሷ ናት ያስረጀችኝ።»

ወደ ውስጥ ገባን። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ደርቋል፤ ከጎኑ ግን ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ በወንበር ላይ ቆሟል፤ ሳሙናው በገመድ ታስሯል። ውጭ ሁለት ሮቶዎች አሉ፤ ማታ ማታ ውኃ ሲመጣ የሚሞላቸው ጥበቃው ነው፤ በደብተር ይፈርማል። «ውኃ ሳታቀርብለት ነርሱን እጅህን ታጠብ ብሎ ማስተማር ስድብ ነው» አሉ ሲስተር። ፋርማሲው ራሱ አልኮልን ከግሊሰሪንና ከጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር እየቀመመ የእጅ ማጽጃ ለየክፍሉ ያድላል።

ማዋለጃ ክፍሉ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ፍሪጅ አለች። በሩ ላይ የሙቀት መጠን የሚጻፍበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ጠዋትና ማታ የተሞላ፣ አንድም ባዶ ሳጥን የሌለው። ውስጧ ኦክሲቶሲን ነው፤ ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም የሚወጋ መድኃኒት። በ2 እና በ8 ዲግሪ መካከል ካልተቀመጠ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ጠርሙሱ ያው ነው፤ መልኩ አይለወጥም፤ ጽሑፉም አይለወጥም። አዋላጇ ወግታ መድኃኒት የሰጠች ይመስላታል፤ ደሙ ግን አይቆምም። «ድሮ ይቺ ፍሪጅ ምሳችንን ነበር የምታቀዘቅዝ» አሉኝ ሲስተር፤ «አሁን እንጀራ ቢገኝባት ተረኛው ይጠየቃል።»

እዚያው ግን የሚያሳምም ነገርም አየሁ። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ አንዲት እናት የጤና መድህን ካርዷን ዘርግታ ቆማለች። «ይኼኛው የለም፤ ከውጭ ይገዛ» ተባለች። ካርዱን አጣጥፋ ወደ ጡቷ መለሰችው። ቃል አልተነፈሰችም። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ጀምሮ ለገበሬው የተሰጠው ተስፋ በሕመም ቀን በሬውን እንዳይሸጥ ነው። መዋጮውን በወቅቱ ከፍላለች፤ ቃሉን ያልጠበቀው ሌላው ወገን ነው። መድኃኒት ባለሙያው አንገቱን ሰበረ። ያዘዘው መድኃኒት ገና አልደረሰለትም። እሱም እንደ እርሷ ጠባቂ ነው።

ስለ ባለሙያዎቹ ኑሮም ሳልጽፍ ላልፍ አልችልም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አደባባይ የወጣው እንዲሁ አልነበረም። ሌሊቱን ሲያዋልዱ ያደሩ ሁለት ልጆች ጠዋት ለቁርስ አንድ ፍርፍር ለሁለት ሲያዙ አይቻለሁ። ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ሁኑ የሚለው መፈክር በየግድግዳው አለ። ቃሉ መልካም ነው፤ ግን የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ሰው ርኅራኄ ከየት እንዲያመጣ እንጠብቃለን? መንከባከብ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ከታች ብቻ አይፈልቅም።

ዓርብ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ማዋለጃ ክፍል

ሲስተር አድሬ እንዳይ ፈቀዱልኝ። «ሆስፒታልን ማየት ከፈለግህ ሌሊት እየው፤ ቀን ሁላችንም ደህና ነን» አሉ።

የሌሊት ተረኞቹ ሁለት አዋላጆች ናቸው። ርክክቡ እንዳለቀ አንዷ ከመደርደሪያ ሥር አንዲት የላስቲክ አሻንጉሊት አወጣች። ውኃ የተሞላች ናት፤ ክብደቷ እንደ አራስ ልጅ ነው፤ ስትይዛት ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ይወድቃል። ሁለተኛዋ የስልኳን ሰዓት ከፈተች። «ተወለደች፤ አላለቀሰችም!» አለች።

ማድረቅ፣ ጀርባዋን ማሸት፣ አንገቷን ማስተካከል፣ ማስኩን ፊቷ ላይ መግጠም፣ መጭመቅ። የአሻንጉሊቷ ደረት ከፍ አለ። አርባ ስድስት ሴኮንድ። «ትናንት አርባ ነበር» አለች ባለ ሰዓቷ። ወርቃማዋ ደቂቃ ይሏታል፤ የማይተነፍስ ልጅ በስድሳ ሴኮንድ ውስጥ አየር ማግኘት አለበት።

«በየቀኑ ትሠሩታላችሁ?» አልኋቸው።

«በየፈረቃው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

አምስቱን ደቂቃ የሚንቅ ሰው ካለ የሰሜን ታንዛኒያውን የሃይዶም ሆስፒታል ይመልከት። እዚያ ባለሙያዎቹ በመጀመሪያ የአንድ ቀን ሥልጠና ወሰዱ። በአሻንጉሊቷ ላይ ሲፈተኑ ጎበዞች ነበሩ፤ በእውነተኛ ልጆች ላይ ሥራቸው ግን አልተለወጠም። ኋላ ሥልጠናውን ወደ ማዋለጃ ክፍሉ አምጥተው አጭር አጭር ልምምድ አዘወተሩ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱት ሕፃናት ከሺህ 11 ገደማ የነበሩት ወደ 7 ወረዱ። አዲስ ሕንፃ አልተሠራም፤ አዲስ ማሽን አልገባም። እኛ ግን ሆቴል ውስጥ የሚሰጠውን ሥልጠና፣ አበሉን፣ የምስክር ወረቀቱን ሥራ ብለን ስንቆጥር ኖረናል።

የእህቴን ነገር ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ታላቋ፣ «መጀመሪያ የሚያስፈልገው እኮ ኦክስጅን አይደለም» አለች በለሆሳስ፤ «አየር ነው። ይቺ ክፍል ውስጥ ያለው አየር። በልኩ የሆነ ማስክ ቢኖር ኖሮ ኦክስጅኑ ኋላ ይደርስ ነበር።» ሦስት ዓመት ሙሉ በሕልሜ የማየው መፍቻውን ነበር። ለካ ከእርሱ በፊት አንዲት መዳፍ የምታህል የጎማ ማስክ ነበረች።

ወደ ጥጉ ወሰደችኝ። ሁለት ማስኮች፣ አንዱ ለደረሰ ልጅ፣ አንዱ ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደ፤ ሁለቱም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ኦክስጅን ሲሊንደሩ ከጎኑ ቆሟል። መፍቻው አንገቱ ላይ በተገመደ ጎዝ ታስሯል። ጎዙ ቆሽሾ ጠቁሯል፤ ብዙ እጅ እንደነካው ያስታውቃል። ሄጄ ነካሁት። ምን እንደተሰማኝ ለመጻፍ ደጋግሜ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም።

«ማን አሰረው?»

«ከእኛም አንድ ልጅ ሞቶብን ነው» አለች።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት። የስብሰባ ክፍል

አዋላጇ የነገረችኝን ልጅ ሙሉ ታሪክ ጠዋት ከሲስተር ሰማሁ። ልጁ የሞተው መፍቻው ሌላ ክፍል ተወስዶ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም የጠበቀው የተለመደውን ነበር፤ አንድ ሰው ተፈልጎ ይቀጣል፤ ደመወዙ ይቆረጣል፤ ነገሩ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአገራችን የእናቶች ሞት እየተመዘገበ ለምን እንደተከሰተ የሚመረመርበት አሠራር አለ፤ በኋላም ለጨቅላ ሕፃናት ሞት ተዘርግቷል። በወረቀት ላይ መልካም ነው። ግን ሰው የሚቀጣበት ከሆነ መዝገቡ ይዋሻል። የሞተው ሞቶ የተወለደ ተብሎ ይጻፋል፤ አለቀ።

«ስብሰባ ጠራሁ» አሉ ሲስተር። «ማን ገደለው ብለን ከተነሣን ሁላችንም ዝም እንላለን፤ ምን ገደለው እንበል አልኋቸው።»

ማን እና ምን። አንዲት ፊደል ብቻ ነው የምትለያያቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ አንዲት አዋላጅ ያባርራል፤ ሁለተኛው መፍቻውን ከሲሊንደሩ ጋር ያስራል። በቀጣዩ ሌሊት ሌላ አዋላጅ ብትገባ፣ ደክሟት ብትመጣ፣ አዲስ ተመራቂ ብትሆን መፍቻው እዚያው ይጠብቃታል። ይህን ስሰማ በእህቴ አዋላጅ ላይ የያዝሁት ቂም ከውስጤ ሲወጣ ታወቀኝ። እሷም የዚያ ሌሊት ተጎጂ ነበረች።

ግን ተጠያቂነት ይቅር ማለት እንዳልሆነ ሲስተር ጨምረው ነገሩኝ። በሽተኛ የሰደበ፣ ተረኛ ሆኖ የጠፋ፣ ገንዘብ የተቀበለ ይቀጣል። ስሕተትና በደል ለየብቻ ናቸው።

የአሻንጉሊቷን ልምምድ ያመጡት ከጎረቤት ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረ የሆስፒታሎች የጥራት ትስስር አለ፤ በአንድ ነገር የተሻለ የሠራ ሆስፒታል በዙሪያው ያሉትን እየሰበሰበ ያሳያል፤ እነሱም ሄደው ይሞክሩታል። ሲስተር ለሁለት ቀን ሄደው አዩ፤ ይዘው መጡ። ባለሙያን ከውጭ አገር ከመጣ አማካሪ ይልቅ እንደ እርሱ ውኃ የሚጠፋበት፣ እንደ እርሱ ጓንት የሚያልቅበት ባልንጀራው ቢያስተምረው ይሰማዋል። «እናንተ አላችሁ፤ እኛ የለንም» የሚል ሰበብ እዚያ ቦታ የለውም።

ቅዳሜ፣ ማታ። ጅማ

የጊቤን ሸለቆ ወርደን ወጥተን፣ በሰኮሩና በአሰንዳቦ አልፈን ጅማ ስንገባ እየመሸ ነበር። ጅማ ለዚህ ጉዳይ የተለየ ቦታ አላት። ቀደም ሲል የመንግሥት ሆስፒታል የሚመራው በአንድ ሐኪም ነበር፤ ጠዋት ኦፕሬሽን ሠርቶ ከሰዓት ስለ ጄኔሬተር ናፍጣ ይጨነቃል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከየል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሆስፒታል አስተዳደርን ራሱን የቻለ ሙያ ለማድረግ ተነሣ፤ በ2008 ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆስፒታል አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ከዚያ ጋር ሌላ ለውጥም መጣ። ድሮ ሆስፒታል ከሕመምተኛ የሰበሰበው ብር ወደ መንግሥት ካዝና ይገባ ነበር፤ ኋላ ግን ያስቀረውን ገቢ በቦርዱ ውሳኔ ለመድኃኒትና ለጥገና እንዲያውለው ተፈቀደ። አንድ አምፖል ለመቀየር ደብዳቤ መጻፍ ቀረ ማለት ነው።

እሑድ ጠዋት በከተማዋ አንድ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ከአንድ ወጣት የባዮሜዲካል ባለሙያ ጋር ቆየሁ። ጠረጴዛው ላይ የተፈታ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር አለ፤ ማጣሪያው በአቧራ ደድሯል። «ይኼ እኮ አልተበላሸም» አለኝ፤ «ማጣሪያውን በየሳምንቱ ማጠብ ነበር የሚፈልገው። ማንም አልነገራቸውም፤ ቆመ፤ ተበላሸ ተብሎ መጋዘን ገባ።» አጠበው፤ አደረቀው፤ ገጠመው። ማሽኑ ተነሣ።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 ድሃ አገሮች ከ112 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጥሮ ነበር። ከመቶ 38 ያህሉ የማይሠሩ ነበሩ። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሥልጠና፣ የአያያዝና የመሠረተ ልማት ጉድለት ናቸው። የአየር ጤናውን አዛውንት አሰብኋቸው። ፖስታቸውን ታቅፈው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እንደገና የሁለት ሰው ትኬት ቆርጠው ይመጣሉ። ያ ማሽን ምናልባት የታጠበ ማጣሪያ ብቻ ይፈልግ ይሆናል።

ሆስፒታል ሲመረቅ ሪባን እንቆርጣለን። ማሽን ሲገባ ፎቶ እንነሣለን። ለጥገና በጀት ሲጠየቅ ግን ዝም እንላለን። እኔ ባለሥልጣን ብሆን ከእያንዳንዱ አዲስ ማሽን ዋጋ ጋር የአምስት ዓመት ጥገናውን፣ መለዋወጫውንና የሚያጥበውን ሰው ደመወዝ አብሬ ካልቆረጥሁ ግዢውን አልፈርምም ነበር። ጋዜጠኛ ነኝና የእኔ ድርሻ ደግሞ የምረቃውን ዜና ከጻፍሁ ከዓመት በኋላ ተመልሼ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በሩን ማንኳኳት ነው።

ሰኞ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት። ጊቤ ድልድይ

ወደ አዲስ አበባ እየተመለስሁ ነው። መኪናው ድልድዩ አጠገብ ሲቆም ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ ዛሬ ክትትል ነበራት። ዓርብ ሌሊት ያየሁትን ሁሉ፣ የታሰረውን መፍቻ፣ ሁለቱን ማስኮች፣ አሻንጉሊቷን በስልክ ነግሬያት ነበር።

«ጠየቅኋት» አለችኝ።

«ማንን?»

«አዋላጇን። የሕፃን ማስካችሁን አሳዪኝ አልኋት። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ልትቆጣኝም ነበር። የበኩር ልጄን ነገርኋት። ከዚያ አብረን ፈለግን።»

«አገኛችሁት?»

«ማስኩን አገኘነው፤ ከሁለተኛው መሳቢያ። መፍቻው ግን...» ትንሽ ዝም አለች። «መፍቻውን ተረኛው ነው የያዘው አለች። በገመድ እሰሩት አልኋት። ለኃላፊዋ እነግራለሁ፤ ማክሰኞ ነይ ብላኛለች።»

ረዳቱ ግቡ ግቡ አለ። ከታች ወንዙ ከክረምቱ እንደ ደፈረሰ ነው። «ትሄጃለሽ?» አልኋት።

«እሄዳለሁ እንጂ» አለችኝ፤ «ጎዝ ገዝቻለሁ።»